ባስል የተባለው የእንግሊዝ ገበሬ ቤት

በእንግሊዝ አገር ሰሜን፥ ከስኮትላንድ ጋራ በሚዋሰነው በኖርዘምበርላንድ አውራጃ፥ ከሩቅ ሲያዩት ወህኒ ቤት የሚመስል፥ ሲቀርቡት ግን የገበሬ መኖሪያ የሆነ የድንጋይ ቤት በየሸለቆው ይገኛል። ስሙ ባስል ይባላል፤ ምሽግ ከሚለው የፈረንሳዮች ቃል የመጣ ነው ይላሉ። በታርሰት ሸለቆ ያለው ብላክ ሚደንስ ከነዚህ አንዱ ሲሆን፥ ጣሪያው ቢጠፋም ግድግዳው እስከ ዛሬ ቆሟል።

የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ምድር ቤቱ የከብት ነው፤ በሩም አንድና ጠባብ ሆኖ፥ መቀርቀሪያው የሚገባበት ጥልቅ ቀዳዳ በግድግዳው ውስጥ ተበጅቶለታል። ሰው የሚኖረው በፎቁ ላይ ነው። ወደዚያም የሚወጣው በመሰላል ስለ ነበር፥ ሲመሽ መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡታል፤ ዛሬ በውጭ የሚታየው የድንጋይ ደረጃ በብዙዎቹ ቤቶች ኋላ የተጨመረ ነው። በአንዳንዱ ቤት ከበሩ በላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ፤ ዘራፊ በሩን በእሳት ቢያያይዘው ከፎቅ ሆኖ ለማጥፋት ነው። ይህን ያሰበ ገበሬ እሳቱን አስቀድሞ ያየ ሳይሆን አይቀርም።

በ1296 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በሁለቱ መንግሥታት መካከል የተነሣው ጦርነት፥ በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ሕዝብ ከብት መዝረፍን አስተማረው። ዘራፊውም ሁልጊዜ ባዕድ አልነበረም፤ በሬድስዴል ርስት ለወንዶች ልጆች ሁሉ እየተከፈለ መሬቱ ስለ ጠበበ፥ የገዛ አገሩን ሰው የሚዘርፍ ብዙ ነበር። መኳንንቱ ግንብ ነበራቸው። ባስል ግን ከመኳንንት በታች የሆነው፥ ሆኖም ጥቂት ከብትና ድንጋይ የሚያሠራ ገንዘብ ያለው ሰው ቤት ነው፤ ከእርሱ የሚያንሰው ድኻ የሚጠጋበት ግድግዳ አልነበረውም።

በ1603 ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትሞት፥ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰና ሁለቱ አገሮች በአንድ ንጉሥ ሥር ሆኑ። ከዘራፊዎቹ ብዙዎች ተሰቀሉ፤ ሌሎችም ወደ አየርላንድ ተጋዙ። የሚያስገርመው ግን ከዚህ በኋላም ባስል መሠራቱ አለመቅረቱ ነው። ገበሬው የንጉሡን ዐዋጅ ቢሰማም፥ እምነቱን የጣለው በመቀርቀሪያው ላይ ነበር።

ፍርሀቱ የተወገደው ቀስ በቀስ ነው። በኋለኛው ዘመን ባለቤቶቹ መስኮቱን አሰፉ፤ በምድር ቤቱም የእሳት ምድጃ አበጁና ከብቱን ወደ ውጭ አወጡ። በሌላ ስፍራ ደግሞ አዲስ ቤት በአጠገቡ ተሠርቶ፥ አሮጌው የድርቆሽ ማኖሪያ ሆኖ ቀረ።