ስምንት ሰከንድና የተከለከለ ሜዳ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ቅርጫት ኳስ የምትጫወት ተማሪ ኳሱን ከራሷ ቅርጫት ሥር ተቀብላ መሃል መስመሩን ለማሻገር ያላት ጊዜ 8 ሰከንድ ነው። የፊባ ሕግ ነው፤ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ 10 ነበር። ተጋጣሚዎቿ ከመጀመሪያው ፓስ ጀምረው ሙሉ ሜዳውን ካፈኑባት፣ ማለትም ፉል ኮርት ፕሬስ ካደረጉባት፣ 8 ሰከንድ ምንም ማለት አይደለችም።

የሚገርመው፣ ይሄ ጭንቅ ራሱ ለሴቶች የተፈቀደው በቅርቡ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ ጨዋታውን በ1891 ስፕሪንግፊልድ በነበረው የወወክማ ማሰልጠኛ ፈጠረው (አዎ፣ ያው አዲስ አበባም የነበረው ወወክማ)። በዓመቱ ሴንዳ በረንሰን የተባለች መምህርት ስሚዝ ኮሌጅ ውስጥ ለሴት ተማሪዎቿ አስተማረችው። ሜዳውን ግን ሦስት ቦታ ከፈለችው። ተጫዋቿ ከተመደበችበት ክፍል አትወጣም። ኳስ ከእጅ መንጠቅ ክልክል፣ ከ3 ሰከንድ በላይ መያዝ ክልክል፣ ከ3 ጊዜ በላይ ማንጠር ክልክል። ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች ይባል ነበራ! በረንሰንን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ያለዚያ ክፍፍል ምናልባት ጭራሽ አይፈቀድላቸውም ነበር።

በ1938 ሦስቱ ክፍል ሁለት ሆነ፦ ሦስት አጥቂ ወዲያ፣ ሦስት ተከላካይ ወዲህ፣ መሃሉ ላይ የማይታለፍ መስመር። አምስት ለአምስት ሙሉ ሜዳ በአሜሪካ ኮሌጆች ሕግ የሆነው በ1971 ነው። የአይዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችማ እስከ 1993 በስድስት ይጫወቱ ነበር። የጉራጌ ልጅ ይህን ስታነብ የቃቄ ወርድወት ትዝ ትላት ይሆናል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የጋብቻ ሥርዓቱን የሞገተችው። መስመር የሚያሰምሩት ሌሎች ሲሆኑ ጉዳዩ አገር አይመርጥም።

መስመሩ ከተነሳም በኋላ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ወንዶቹ ለአሥርት ዓመታት የኖሩበት የ10 ሰከንድ ሕግ የሴቶች ኮሌጅ ውድድር ላይ የገባው ገና በ2013–14 የውድድር ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የታፈነች ተጫዋች ኳሱን ወደ ኋላ መልሳ ትንፋሽ መውሰድ ትችል ነበር፤ የሚያስቸኩላት የ30 ሰከንዱ የመወርወሪያ ሰዓት ብቻ ነው። አሁን ያ የለም።

ታዲያ እንዴት ይታለፋል? ፕሬስ ዋና ፍላጎቱ መንጠቅ ሳይሆን ማስቸኮል ነው። እያነጠርሽ ወደ ጥግ እንድትሄጂ ይጋብዝሻል፤ እዚያ ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ የሜዳው መስመር ደግሞ ሦስተኛ ተከላካይ ይሆንላቸዋል። ግን ሒሳቡን እዪው፦ ሁለቱ አንቺን ከያዙ፣ አራቱን ጓደኞችሽን የሚጠብቁት ሦስት ናቸው። አንዷ ነፃ ነች። ስለዚህ ከማንጠርሽ በፊት ቀና ብለሽ እዪ። አንዷ ኳሱን ፍለጋ ወደ መሃል ትምጣ፣ አንዷ ለመመለሻ ከኋላሽ ትቁም፣ አንዷ ሩቅ ትሩጥ። ቅርጫት ከተቆጠረ በኋላ የምታስገባዋ ደግሞ ከመስመሩ ውጭ ወዲያ ወዲህ መሮጥ ተፈቅዶላታል፤ ይህችን መብት ብዙዎች ረስተው አንድ ቦታ ተተክለው 5 ሰከንዳቸውን ይጨርሳሉ።

መሃሉን ካለፉ በኋላ ብዙ ቡድኖች እፎይ ብለው ይቆማሉ፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያጠመዱሽ ሁለቱ ገና ከኋላ ናቸው። ከፊት ሦስት ለሁለት ሆናችኋል፤ ቀጥታ ወደ ቅርጫቱ።