ቶምቦላ በቡና ከተሞች፦ የማኅበረሰብ መዋጮና የዕድል ጨዋታ ፈቃድ በጅማ ዙሪያ

በጅማ ዞን የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ የትምህርት ቤት ክፍል ለመጨመር ወይም የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ለመቀየር መዋጮ የሚጠየቀው እሸት ቡና ተሽጦ እጅ ላይ ብር ሲኖር ነው። ጀንፈሉም (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ካለቀ በኋላ የሚመጣ ኮሚቴ ቃል እንጂ ገንዘብ ይዞ አይመለስም። ስለዚህ ወቅቱ ሳያልፍ ብዙ ሰው የሚደርስበት ዘዴ ይፈለጋል፤ ቶምቦላ የሚታሰበውም ያኔ ነው። ሞተር ብስክሌት ለሽልማት ይቀርባል፣ ቲኬት ይታተማል፣ በገበያ ቀን ይሸጣል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ፣ የዕድል ጨዋታ ፈቃድ አስፈላጊ ቢሆንም አሁን ያለው ሥርዓት ለአጥቢያ ኮሚቴ አቅም ያልተሰፋ ነው የሚል ነው።

ብሔራዊ ሎተሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም የታሰበው ከአንድ ማዕከል ለመላው አገር ዕጣ የሚያወጣ ድርጅት ነበር። አስተዳደሩን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 535/1999ም ሎተሪ የማካሄድንና ለሌሎች ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለዚሁ የፌዴራል ተቋም ሰጠ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 96 የብሔራዊ ሎተሪና የሌሎች የዕድል ሙከራ ጨዋታዎች ግብር ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን ደንግጓል። ቶምቦላ ለማውጣት የተነሣ የአጋሮ ወጣቶች ኮሚቴ እንግዲህ በሕግ ፊት የሚቆመው ከትልልቅ ነጋዴ አጫዋቾች ጋር በአንድ ሰልፍ ነው።

ግብሩ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከሎተሪ፣ ከቶምቦላና ከመሰል የዕድል ጨዋታ በተገኘ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ብቻ ነፃ አድርጓል፤ ግብሩን ቀንሶ የማስገባት ኃላፊነትም የከፋዩ ነው። ሽልማቱ ጥሬ ገንዘብ ከሆነ መቀነስ ቀላል ነው። 100,000 ብር የሚያወጣ ሞተር ከሆነ ግን በዚህ ልክ 15,000 ብር ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። ከባለዕድሉ ነው ወይስ ከኮሚቴው? ይህ ቲኬቱ ከመታተሙ በፊት ካልተወሰነ የዕጣው ዕለት ደስታ ወደ ጭቅጭቅ ይዞራል።

ፈቃድ ይቅር ለማለት ግን አልደፍርም። ቲኬት የገዛ ሰው የሚያየው በእጁ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። ስንት ጥራዝ እንደታተመ፣ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ወጥቶ እንደሆነ፣ ያልተሸጡ ቲኬቶች ቀሪ ከዕጣው በፊት ተለይቶ እንደሆነ፣ ሽልማቱ በእርግጥ ተገዝቶ እንደሆነ የሚያውቀው አዘጋጁ ነው። አዘጋጁ ጎረቤት ሲሆን ደግሞ መጠየቅ ነውር ይመስላል። ጎረቤት የማይጠይቀውን ሌላ አካል ሊጠይቅለት ይገባል።

በአገራችን ግን መዋጮን የሚመለከት ሕግ ከቲኬት ገዢው ጥበቃ ይልቅ ወደ መንግሥት ሥጋት ሲያደላ ኖሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚሰበስቡ ኮሚቴዎችን ከማኅበራት ለይቶ ከመንግሥት ባለሥልጣን ፈቃድ ጋር አያያዛቸው። በ1955 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በመዋጮ ትምህርት ቤትና መንገድ ለማሠራት ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። የ2001ዱን የበጎ አድራጎት አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ገቢ ማመንጫ ሥራን በሰፊው ሲከፍት፣ ዕድርንና ዕቁብን ከአዋጁ ወሰን ውጭ ተዋቸው። መተዉ በራሱ መልካም ነበር። ሆኖም ቶምቦላ ማውጣት የፈለገ ዕድር ከድርጅቶቹ አዋጅ ውጭ ሆኖ ሳለ ከሎተሪው አዋጅ አያመልጥም።

መንግሥት ራሱ ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ8100 አጭር መልእክት ሽልማት ያለው ዕጣ አዘጋጅቶ ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቧል። ለአገር የተፈቀደ መንገድ በልኩ ሲያንስ ለቀበሌ ድልድይ የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። ብሪታንያ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የቁማር ሕግ ለትንንሽ ማኅበራት ሎተሪ የአካባቢ ምክር ቤት ምዝገባ ይበቃል። ማኅበሩ በአንድ ዕጣ ከ20,000 ፓውንድ፣ በዓመት ከ250,000 ፓውንድ በላይ ቲኬት አይሸጥም፤ ከሽያጩ ቢያንስ 20 በመቶው ለዓላማው ይውላል፤ ዕጣው በወጣ በሦስት ወር ውስጥም ሁለት ሰው የፈረሙበት ሒሳብ ይቀርባል። ኮሚቴው ማዕከሉን ደጅ ሳይጠና ገዢው ይጠበቃል። እኛም የፌዴራሉ ተቋም የሽያጭ ጣሪያ ወስኖ ከዚያ በታች ያለውን ምዝገባ ለከተማ አስተዳደር ቢወክል፣ ለመልሱ ቀን ቢቆረጥ፣ የዕጣው ሒሳብ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአደባባይ ቢለጠፍ አብዛኛው ችግር ይቃለላል።

ይህም ሆኖ ቶምቦላ ለሁሉም አይሆንም። በ2010 ሊጉን ላሸነፈው እንደ ጅማ አባ ጅፋር ላለ የእግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች ይስማማ ይሆናል። ሙስሊሙ በሚበዛበት በጅማ ዞን ግን ገንዘብ ከፍሎ ዕድል መጠበቅ በሃይማኖት የተከለከለ ቁማር ነው፤ የመንግሥት ማኅተም ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ዕጣ ራሱ ግን አልተጠላም። በዕቁብ የአባላቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል፣ ሕፃን ያወጣዋል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራን ነው፣ የከፈለ ሁሉ የከፈለውን ይወስዳል። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ያለ ዕድል ጨዋታ የሕዝብ ሥራ ይሠራሉ፤ በ1991 የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አባላት ከፍትሐዊ ንግድ የሚያገኙትን ተጨማሪ ክፍያ የት እንደሚያውሉት የሚወስኑት በጉባኤ ነው።

ለአጥቢያው ከሁሉ የሚቀርበው ጨረታ ነው። አንድ ጃንጥላ ወይም አንድ ኩንታል ጀንፈል ይቀርባል፣ ዋጋው በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ አሸናፊው ከፍሎ ወይም ለመክፈል ቃል ገብቶ ዕቃውን መልሶ ይሰጣል፣ እንደገና ይጫረቱበታል። ዕድል ስለሌለበት ቁማር አይደለም፤ የሰጪው ስምና የሰጠው መጠንም በሰው ሁሉ ፊት ይሰማል። ድክመቱ ሌላ ነው፦ በሞቅታ የተጠራው ብር ሁሉ አይገባም። ዕቁብተኛ ያለ ዋስ ዕጣውን አይወስድም፤ በጨረታ ቃል የገባም እዚያው ዋስ ጠርቶ ቢያስመዘግብ፣ ኮሚቴው በማጉያ የተጠራውን ድምር በባንክ ደብተሩ ላይም ያገኘዋል።