ዝገት ከውስጥ ይጀምራል

«ፀሐይ» ጥር 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ስትመለስ ሁላችንም ስለ ምርኮዋ አወራን። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን እጅ እዚሁ አገር ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች አውሮፕላን ናት። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ 88 ዓመት ሙሉ እንዴት ቆየች?

በዚያ ዘመን የብዙ ቀላል አውሮፕላኖች ገላ የተበየደ የብረት ቱቦ ነበር፤ በላዩ ጨርቅ ይወጠርበታል። ዘዴውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያስፋፋው የፎከር ፋብሪካ ሲሆን፣ ከሥራው ጀርባ የነበረው ራይንሆልድ ፕላትስ በሙያው በያጅ ነው።

የቱቦው ግድግዳ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የውጭውን ዝገት ዓይን ያየዋል። የውስጡ ግን አይታይም። ብየዳው የመርፌ ቀዳዳ ያህል ክፍተት ካለው እርጥበት ይገባል፤ ጅራቷን መሬት ላይ አሳርፋ በምትቆም አውሮፕላን ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። ቀለሙ ከላይ እንዳማረበት ቱቦው ከውስጥ ይሳሳል።

የቀድሞዎቹ መድኃኒት እኛም የምናውቀው ነው፤ የተልባ ዘይት። ብየዳው ሲያልቅ በትንሽ ቀዳዳ የሞቀ ዘይት ይጨምሩና አጽሙን እያገላበጡ ያዳርሱታል። የተረፈውን አንጠፍጥፈው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚደርቅ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ደግሞ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ እንደጸዳ፣ ሳይውል ሳያድር ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል።

እስቲ በክረምት እዚህ ጉኑኖ የብየዳ ቤቶችን ደጅ እዩ። ቱቦላሬው ዝናብ ሲመታው ይከርምና አንቲረስት በዝገቱ ላይ ይለቀለቃል። «ውስጡን ማን ያየዋል?» እንላለን። በር ቢዝግ በር ነው፤ ይለወጣል። እንደ አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጃቸው አውሮፕላን ለመሥራት ለሚነሱ ወጣቶች ግን ያ ያልታየ ቱቦ የሰው ነፍስ ነው። እኛ ጋዜጠኞችም «በረረ ወይስ አልበረረም?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ «ቱቦው ውስጥ ምን ጨመርክ?» ብለን አንጠይቅም።

መሥራትን ሁሌም እናወድሳለን፤ መጠበቅን ግን እንደ ሥራ አንቆጥረውም። ፀሐይን የሠራናት እኛ ነን፤ ያቆያት ግን የማረካት አገር ሙዚየም ነው። ከእንግዲህ ጠባቂዋ እኛው ነን፤ ዝገት ደግሞ ታሪክ አይቶ አይምርም።