ሌባሻይ በቴክሳስ

ስሙኝማ። ይህ ተረት ቢሆን ኖሮ «ተረቴን መልሱ» ብዬ በተገላገልኩ። ነገሩ የሆነ ነው፤ መዝገብ ያለው፣ ዳኛ የፈረደበት፣ ካሳ የተከፈለበት። እንዲሁ ቁጭ በሉና ላውጋችሁ። ዓመቱን ሁሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ድሮ ባገራችን ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ሲሰወር ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል። ልጁ ይሰክራል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ጫፉን ይዘው ይከተሉታል። እየተንደረደረ ከመንደር መንደር ይዞራል። በመጨረሻ ሄዶ ከደጁ የወደቀበት ሰው፣ እሱ ሌባ ነው፤ ዕዳውን ይክፈል። ማስረጃው ምንድን ነው? የልጁ መውደቅ። ምስክሩስ ማን ነው? የሰከረው ልጅ። ኋላ መንግሥት ከለከለውና ቀረ፤ እኛም የአያቶቻችንን ሞኝነት እያነሣን እንስቃለን። ዛሬ የማወጋችሁ ሌባሻይ ግን የተነሣው ቴክሳስ ውስጥ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ዘመኑ የእኛው ዘመን፣ ቀለቡም የሚሰፈርለት ከፌዴራል መንግሥት ግምጃ ቤት።

ከሥሩ ልጀምር። ሥሩ ሐዘን ነው።

ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል፣ ደቡብ ጃማይካ የሚሉት ሰፈር አለ። በ1980ዎቹ ክራክ የሚባለው ዕፅ እንደ ሰደድ እሳት ገብቶ ሰፈሩን ሲያነደው፣ ከጉያና የመጣ አንድ ስደተኛ «ደጃፌ ላይ ዕፅ ይሸጣሉ» ብሎ ለፖሊስ ስልክ ደወለ። ነጋዴዎቹ ዝም አላሉትም፤ ቤቱ ላይ እሳት ወረወሩበት። ፖሊስም ቤቱን ሌት ተቀን የሚጠብቅ ዘብ አቆመለት። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1988፣ ገና ሌሊት ሳለ፣ ተረኛው ኤድዋርድ በርን የሚባል የ22 ዓመት ልጅ ነበር። መኪናው ውስጥ ብቻውን እንደተቀመጠ ገዳዮች ቀርበው ጭንቅላቱን በጥይት መቱት። ትእዛዙ የወጣው እስር ቤት ከተቀመጠ የዕፅ አለቃ ነበር። አገር ተናወጠ። የልጁ አባት የልጁን የፖሊስ ዓርማ በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ለሚወዳደረው ለጆርጅ ቡሽ፣ ለአባትየው ቡሽ ማለቴ ነው፣ ሰጠው፤ ቡሽም ዓርማውን ይዞ ሕዝብ ፊት ቆመ።

በዚያው ዓመት ኮንግረስ የፀረ-ዕፅ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለክፍለ ግዛቶችና ለየአካባቢው ፖሊስ የሚከፋፈል የገንዘብ ድጎማ አቋቋመ፤ ድጎማውም በሟቹ ልጅ ስም ተጠራ። የበርን ድጎማ አሉት።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለኝ። ለፖሊስ ሰባራ ሳንቲም አይሰጥ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያ የጉያና ሰው ስልኩን ያነሣው ሌላ የሚያድነው ስላጣ ነው። የዕፅ ነጋዴ ደጃፉ ላይ የቆመበት ሰው ፖሊስ ሲመጣለት ምን ያህል እንደሚተነፍስ የሚያውቀው ራሱ ነው። ወጌ ከዚያ በኋላ ስለመጣው ስለ ገንዘቡ መንገድ ነው።

ገንዘቡ እንዲህ ይሄዳል። ዋሽንግተን ከአንድ መቶ ዶላር 75ቱን ትሰጣለች፤ ቀሪውን 25 አካባቢው ያዋጣል። ታዲያ ገጠር ያለ ድኻ ካውንቲ መዋጮውን ከየት ያመጣል? አንዱ መንገድ ከተጠርጣሪዎች የተወረሰ መኪናና ጥሬ ገንዘብ ነበር። ልብ በሉ፤ ያዝክ፣ ወረስክ፣ የወረስከውን መዋጮ አድርገህ ሌላ ድጎማ ታመጣለህ። ቴክሳስ ውስጥ በዚህ ገንዘብ በርካታ ካውንቲዎችን የሚያካልሉ የፀረ-ዕፅ ግብረ ኃይሎች ተቋቋሙ፤ ቁጥራቸው 50 ገደማ ደረሰ። ከአንድ ከተማ ሳይሆኑ ከብዙ ስለሆኑ፣ አለቃቸው ሁሉም ነው፤ አለቃው ሁሉም የሆነ ሰው ደግሞ አለቃ የለውም። በየዓመቱ ድጎማው እንዲታደስ ማመልከቻ ይጻፋል። ማመልከቻው ላይ ምን ይጻፋል? ስንት ሰው ያዝን፣ ስንቱን አስፈረድን። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ሱቅ ያለ ፍርሃት መላክ ጀምረው እንደሆነ የሚሞላበት ሰንጠረዥ አልነበረም።

አሁን ወደ ቱሊያ ልውሰዳችሁ።

ቱሊያ ከአማሪሎና ከለቦክ መካከል ያለች፣ ጥጥ የሚዘራባትና ከብት የሚረባባት፣ 5,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ምድሩ ሜዳ ነው። ሰው ይተዋወቃል፤ ጥቁሩ ጥቂት ነው፣ ድኻም ነው። በ1998 መጀመሪያ የአካባቢው ግብረ ኃይል ቶም ኮልማን የሚባል ሰው ቀጠረ። አባቱ ስመ ጥር የቴክሳስ ሬንጀር ነበር፤ የአባት ስም በር ይከፍታል። ልጁ ፀጉሩን አሳድጎ፣ ቲ.ጄ. ዶውሰን ነኝ ብሎ፣ የግንባታ ሠራተኛ መስሎ ከተማዋ ውስጥ ገባ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ።

ይህ ሰው ከአንድ መቶ ጊዜ በላይ ዕፅ ገዛሁ አለ። ብቻውን ነው የሚገዛው። ድምፅ አልቀዳም። ቪዲዮ የለም። ዞር ብሎ የሚያየው ሁለተኛ ፖሊስ አልነበረም። ማስታወሻውን የት ነበር የሚጽፈው ብትሉኝ፣ በኋላ ራሱ እንደመሰከረው፣ እግሩ ላይ! የሰው ዕድሜ የሚቆረጥበት ማስረጃ በእስክሪቢቶ ባት ላይ ተጻፈ። መቼም እግር ይታጠባል።

ሌላም ጉድ አለ። ቱሊያ በሥራ ላይ ሳለ፣ ቀድሞ ከሠራበት ካውንቲ በስርቆት የመያዣ ትእዛዝ መጣበት። ያሠራው የነበረው ሸሪፍ ራሱ ያዘው። ከዚያስ? ሰውየው በየሱቁ ጥሎት የሄደውን ዕዳ ከፈለ፤ ክሱ ተዘጋ፤ ተመልሶ ወደ ሥራው ገባ። ሌባው ሌባ ሊፈልግ ሄደ ማለት ነው።

ጁላይ 23 ቀን 1999 ጎሕ ሲቀድ ቱሊያ ውስጥ ፖሊስ በየቤቱ ደረሰ። ሰዎች ልብሳቸውን በቅጡ ሳይለብሱ፣ ፀጉራቸው እንደቆመ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ ተደቅኖባቸው ተጎተቱ። የተከሰሱት 46 ነበሩ፤ ከእነዚህ 39ኙ ጥቁሮች። ቤቶቹ ተፈተሹ። ዕፅ አልተገኘም። የተከማቸ ገንዘብ አልተገኘም። የጦር መሣሪያ አልተገኘም። በዚያች ትንሽ ከተማ 46 የኮኬይን ነጋዴ ይኖራል ከተባለ ገዢው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን በጊዜው እምብዛም አልነበረም። የአካባቢው ጋዜጣ መንገዱ ከቆሻሻ ጸዳ ብሎ ጻፈ።

መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቀረበው አሳማ እያረባ የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሰው ነው። 90 ዓመት ፈረዱበት። ስልሳ ሊሞላው ለተቃረበ ሰው ዘጠና ዓመት! የተቀሩት ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸው ከዳቸው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ያዋጣ ጀመር፤ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ አምስት ዓመትም ቢሆን ተቀብሎ መግባት ከዘጠና ይሻላልና። ኮልማን ደግሞ የቴክሳስ የዓመቱ ምርጥ ሕግ አስከባሪ ተብሎ ተሸለመ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የላም ክርክር ሲዳኝ እንኳ ሁለተኛ ምስክር ይጠይቃል። እዚያ አንድ አፍ በቃ።

ይሁን እንጂ ውሸት ብዙ ሲሆን እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ ተከሳሽ ረጅምና ፀጉረ ጎፍላ ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ሰውየው ሲቀርብ አጭርና ራሰ በራ ሆኖ ተገኘ። ክሱ ቀረ። ሌላው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበር የሥራ ሰዓት ካርዱ ተናገረ፤ አለቃውም መሰከረለት። አንዲት ሴት ደግሞ ቱሊያ ውስጥ ዕፅ ሸጠችልኝ በተባለበት ጠዋት፣ በመኪና የአራት አምስት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ባንክ ውስጥ ነበረች። የባንኩ ወረቀት ሰዓቱን ይዞ ተገኘ። ያን ወረቀት ባታገኝ ኖሮ፣ እንግዲህ እናንተ ገምቱት።

ነገሩን ያነሡት ሰዎች ይገርማሉ። የዚያው አገር ነጭ ገበሬ፣ ጋሪ ጋርድነር የሚባል፣ ተቆጥቶ ወረቀት መበርበር ያዘ። ጄፍ ብላክበርን የሚባል የአማሪሎ ጠበቃ ገባበት። ከኒውዮርክ ደግሞ ቫኒታ ጉፕታ የምትባል፣ የሕግ ትምህርቷን ገና የጨረሰች ወጣት ጠበቃ መጣች። የኒውዮርክ ታይምሱ ቦብ ኸርበርት በ2002 በተከታታይ ጻፈበት። በመጋቢት 2003 ሮን ቻፕማን የሚባሉ ጡረተኛ ዳኛ ተሰይመው ኮልማንን ምስክር ወንበር ላይ አስቀመጡት። ያኔ ሌባሻዩ ሰክሮ የወደቀው በራሱ ደጅ ነው። ዛሬ ያለውን ነገ ይክዳል፤ ሲጠየቅ አላስታውስም ይላል። ዳኛው በ25 ዓመት የዳኝነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ አታላይ የሕግ አስከባሪ ምስክር አላየሁም ብለው ጻፉ። ዐቃቤ ሕጎቹ ሳይቀሩ የሰውየው ቃል እንደማይታመን ተስማሙ።

እስር ቤት የቀሩት በሰኔ 2003 በዋስ ወጡ፤ ለዚያ ብቻ ልዩ ሕግ መውጣት ነበረበት። በነሐሴ አገረ ገዢው ሪክ ፔሪ ለ35ቱ ይቅርታ ፈረመ። በ2004 የአማሪሎ ከተማ 5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈልና ግብረ ኃይሉን ለማፍረስ ተስማማች። ድጎማ አመጣ የተባለው ቡድን ለከተማዋ ትቶ የሄደው ይህን ደረሰኝ ነው።

ደግሞ ይህን ስሙ፤ እኔን ከሁሉ ያሳቀኝና ያስለቀሰኝ ይኸኛው ነው። ቴክሳስ በ2001 ሕግ አወጣች። በድብቅ የሚሠራ ሰው ስለ ዕፅ ብቻውን ሲመሰክር ሌላ ማስረጃ ካልደገፈው አይፈረድም የሚል። ግሩም ነው አላችሁ? ታች ዝቅ ብላችሁ ስታነቡት፣ ሕጉ የሚመለከተው ፖሊስ ያልሆነውን ጠቋሚ ነው። ኮልማን ፖሊስ ነበር። ያ ሕግ ቀድሞ ቢወጣ እንኳ የቱሊያን አንድ ሰው አያድንም ነበር።

ግብረ ኃይሎቹስ? በ2002 በክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ቁጥጥር ሥር ይሁኑ ተባለ፤ በ2006 ፔሪ የበርንን ገንዘብ ወደ ድንበር ጥበቃ አዞረውና አብዛኞቹ ከሰሙ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ስንት የጋዜጣ ጩኸት፣ ስንት የሕግ ክርክር ያልዘጋውን በር አንድ የበጀት መሥመር ዘጋው። ድጎማው ራሱ ግን አልሞተም። በ2005 ከሌላ ድጎማ ጋር ተቀላቅሎ፣ የልጁን ስም እንደያዘ ቀጠለ፤ በ2009 የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሲወጣ በአንድ ጊዜ 2 ቢሊዮን ዶላር ፈሰሰበት። ዛሬም አለ።

ኮልማን? በ2005 ለቦክ ውስጥ ተፈረደበት። የተፈረደበት ስለ ኮኬይኑ አይምሰላችሁ፤ ስለዚያ ስለ ስርቆቱ ክስ በመሐላ በመዋሸቱ ነው። ቅጣቱ 10 ዓመት፣ እሱም በገደብ።

እንግዲህ ዳላስም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም፣ ሲያትልም ያላችሁ፣ ዜግነት ወስዳችሁ የምትመርጡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ይህ ገንዘብ በየዓመቱ ወደ ከተማችሁ ምክር ቤትና ወደ ካውንቲያችሁ ጠረጴዛ ይመጣል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስም አስመዝግቦ መናገር ይቻላል። የፀረ-ዕፅ ክፍሉ አለቃ ቆሞ ስንት ሰው እንደያዘ ሲቆጥር፣ እጃችሁን አውጡና ሁለተኛው ምስክር ማን እንደሆነ ጠይቁልኝ።