በ1888 ዓ.ም. የታሰበው የኤሌክትሪክ ብስክሌት አዳማ እስኪደርስ

የኤሌክትሪክ ብስክሌት የዛሬ ዘመን ግኝት ይመስላችኋል? ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ግን በኋላ ጎማው ውስጥ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የዓድዋ ጦርነት ሊካሄድ ሁለት ወር ሲቀረው።

የቦልተንን ሥዕል ብታዩት ትገረማላችሁ። ሞተሩ የኋላ ቸርኬው መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ባትሪው ከላይኛው የብስክሌቱ ቱቦ ሥር ተንጠልጥሏል። ዛሬ አንድ ወጣት ቤቱ ቁጭ ብሎ ከሚገጣጥመው ብስክሌት ብዙም አይለይም። ታዲያ ሐሳቡ ይህን ያህል ቀድሞ ከመጣ፣ ለምን መቶ ዓመት ያህል ቆሞ ቀረ? መልሱ የራሳችሁን የኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ መሥራት ካሰባችሁ በጣም ይጠቅማችኋል። ምክንያቱም ያኔ ሐሳቡን ያስቆመው ነገር፣ ዛሬም ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ነው።

ሐሳቡ ቀላል፣ ባትሪው ከባድ

የቦልተን ሞተር ከ10 ቮልት ባትሪ እስከ 100 አምፔር መውሰድ እንዲችል የታሰበ ነበር። 10 ሲባዛ በ100፣ 1,000 ዋት ማለት ነው። ለብስክሌት በቂ ብቻ ሳይሆን የተረፈ ኃይል ነው። ግን ያን ኃይል ለግማሽ ሰዓት ለማግኘት 500 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በዘመኑ የነበረው እንደገና የሚሞላ ባትሪ ደግሞ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ ነው። የዛሬው የተሻሻለ የእርሳስ ባትሪ እንኳን በኪሎ 35 ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። ለግማሽ ሰዓት ጉዞ 14 ኪሎ ባትሪ መሸከም ሊኖርባችሁ ነው! የያኔው ከዚህም ይከብድ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በከረንቱ ስኩዌር ልክ ይጨምራል። ያንኑ 1,000 ዋት በ48 ቮልት ብታስተላልፉት 100 አምፔር ሳይሆን 21 አምፔር ያህል ይበቃል፤ በተመሳሳይ ሽቦ ላይ ብክነቱ ወደ 23 እጥፍ ይቀንሳል። ዛሬ የብዙ ብስክሌቶች ባትሪ 36 ወይም 48 ቮልት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኤሌክትሪኩስ ከየት መጣ?

እስቲ ወደ አዳማ እንመለስ። ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አዳማን አቋርጦ የሚያልፈው በእንፋሎት ነበር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት የከተማውን ሰው ከሰፈር ሰፈር ያመላለሰው የፈረስ ጋሪ ነው። ነገሩን የቀየረው አዋሽ ወንዝ ነው። ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) ተመረቀ። የተሠራው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። በነገራችን ላይ ብስክሌት መጠገኛ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትጥሉ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ዳዶ ሲባል ትሰማላችሁ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የዚያ ዘመን ታሪክ ግድቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠጋኙ አፍም አለ።

የቆቃ የማመንጨት አቅም 43.2 ሜጋ ዋት ነው። የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ቁጥር ሳላሰላ አላልፍም፤ ታገሡኝ። ቆቃ በሙሉ አቅሙ ለአንዲት ሰከንድ ብቻ ቢሠራ 12,000 ዋት ሰዓት ያመነጫል። ይህ 500 ዋት ሰዓት የሚይዙ 24 የብስክሌት ባትሪዎችን ይሞላል። በአንዲት ሰከንድ! በ2012 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዳማ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተጨመሩ፤ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ።

ስለዚህ ብስክሌት የሚበላው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ከባዱ ይዞት መሄዱ ነው። በአዳማ በኩል የሚያልፈው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ችግሩን የፈታው ከራሱ በላይ በተዘረጋ ሽቦ ነው። ብስክሌት ግን ሽቦ እየጎተተ አይሄድም።

የጠፉት ሦስት ነገሮች

ቦልተን የጎደሉት ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ መጡ። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክን በሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። የቦልተን ሞተር ከረንት የሚቀበለው እየተፋተገ በሚያልቅ ብሩሽ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብፅ የተወለደው መሐመድ አታላና ኮሪያዊው ዳዎን ካንግ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሞስፌት የሚባለውን ትራንዚስተር ሠሩ። ዛሬ የብስክሌታችሁ ኮንትሮለር ውስጥ ያለው የእሱ ዘር ነው፤ ብሩሹንም ያስቀረው እሱ ነው።

ሁለተኛው ማግኔት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ የተገኘው የኒዮዲሚየም ማግኔት ሞተሩን ትንሽና ጠንካራ አደረገው። ሦስተኛው ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው፤ ሶኒ በ1991 ለገበያ አቀረበው፣ መሠረቱን የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶችም በ2019 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ያ 14 ኪሎ ይመዝን የነበረ ባትሪ አሁን 3 ኪሎ ገደማ ሆነ።

እጃችሁ ላይ ሲደርስ

የማውንቴን ባይክ ታሪክ ራሱ የቤት ሥራ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን ሰብስበው፣ ራሳቸው እየቀያየሩ፣ ከተራራ ቁልቁል ይወዳደሩ ነበር። ታዋቂው ውድድራቸው ሪፓክ ይባላል፤ እንደገና ማሸግ እንደማለት ነው። ቁልቁለቱ ፍሬናቸው ውስጥ ያለውን ግሪስ አቃጥሎ ስለሚጨርሰው፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ አዲስ ግሪስ መሙላት ነበረባቸው።

ይህን ይዘን ከአዳማ ወደ አሰላ እንውጣ። አሰላ ከአዳማ በ750 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እናንተና ብስክሌቱ 100 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ከፍታው ብቻ 205 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሞተሩ 20 በመቶውን ቢያባክን ከባትሪው 255 ይወጣል ማለት ነው፤ የ500ው ባትሪ ግማሽ አለቀ። የንፋሱ ግፊትና መልካሳ ላይ ወደ አዋሽ ወርዶ መውጣቱ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ፔዳላችሁን አትናቁት። ስትመለሱ ደግሞ ያ የወጣችሁበት ኢነርጂ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፤ ከፊሉን አየሩ ይወስደዋል፣ ከፊሉም ፍሬናችሁ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩ የዲስክ ፍሬን ግዙ።

ሁለተኛ፣ አክሰሉን አስቡት። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክሰሉ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። የ40 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው አክሰል ላይ ወደ 4,000 ኒውተን ይሆናል፤ የ400 ኪሎ ክብደት ያህል። ዳዶ ብቻውን አይችለውም። አክሰሉን ከፍሬሙ ጋር አጥብቆ የሚይዝ የብረት ክንድ ያስፈልጋል፤ አዳማ ውስጥ ጎበዝ ብየዳ ቤት አይጠፋም። የፊት ሹካው አልሙኒየም ከሆነ ግን ሞተሩን ከኋላ አድርጉት፤ አልሙኒየም ሳያስጠነቅቅ ሊሰበር ይችላል።

ሦስተኛውና ዋናው ባትሪው ነው። 48 ቮልቱ የሚመጣው 13 ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ ነው። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ ቢሞላና ቻርጀሩ ባያቆም፣ ሴሉ ሊግልና ሊቀጣጠል ይችላል። እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቅ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ የሌለውን ባትሪ፣ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፖች የተለቃቀሙ ሴሎችን፣ በርካሽ ስላገኛችሁ ብቻ አትግዙ። ፊውዝ አድርጉለት። ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ፤ በአዳማ ፀሐይም አታስጡት፣ ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አያችሁ፣ ቦልተን ሞተሩን ገና በ1888 ዓ.ም. አስቦ ጨርሶታል። መቶ ዓመት ያስጠበቀው ባትሪው ነበር። ገንዘባችሁን ስትከፋፍሉ ይህን ቅደም ተከተል አስታውሱ፤ መጀመሪያ ለባትሪና ለፍሬን፣ የተረፈውን ለሞተር።