ከፋፍሎ ማውረድ

ከፋፍሎ ማውረድ አንድን ትልቅ ፋይል በክፍሎች ለይቶ፣ ክፍሎቹን በአንድ ጊዜ በተከፈቱ በርካታ ግንኙነቶች ከሰርቨር የማምጣት ዘዴ ነው።

አሠራር፦ ዘዴው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ ውስጥ በተካተተው የባይት ክልል ጥያቄ፣ ማለትም የፋይልን የተወሰነ ክፍል ብቻ በመጠየቅ ላይ ነው። የማውረጃው ፕሮግራም አስቀድሞ የፋይሉን መጠን ያውቃል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚያመጣውን ክፍል ይመድባል። 400 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ለ4 ግንኙነቶች እኩል ቢከፈል እያንዳንዳቸው 100 ሜጋባይት ያመጣሉ። የክልል ጥያቄ የሚያስተናግድ ሰርቨር የተጠየቀውን ክፍል በኮድ 206 ይልካል፤ የማያስተናግድ ከሆነ በኮድ 200 ሙሉውን ፋይል ይልካል። ክፍሎቹ በዲስክ ላይ በየቦታቸው ተጽፈው አንድ ፋይል ይሆናሉ።

ጥቅም፦ የግንኙነቱን መረጃ የሚያጓጉዘው ቲሲፒ የተባለው ደንብ መላክ የሚጀምረው በዝግታ ነው፤ ፓኬት በጠፋ ቁጥርም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰርቨሩ ሩቅ ሲሆን እንደገና ለመፍጠን ጊዜ ይወስድበታል። ግንኙነቶቹ ብዙ ሲሆኑ ግን አንዱ ቢዘገይም ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ግንኙነት ላይ የፍጥነት ጣሪያ ጥሎ ከሆነም የከፋፍሎ ማውረድ ጥቅም ይበልጥ ይጎላል። መስመር ሲቋረጥ የወረደው ክፍል አይጠፋም፤ ማውረዱ ከቆመበት ይቀጥላል። ይህም በየሜጋባይቱ ለሚከፍል ተጠቃሚ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ገደብ፦ የተጠቃሚው መስመር አስቀድሞ ከሞላ ተጨማሪ ግንኙነት ፍጥነት አይጨምርም። ግንኙነት ማብዛት ሰርቨሩን ያጨናንቃል፣ የሌሎችንም ድርሻ ይሻማል። ስለዚህ ብዙ ሰርቨሮች ከአንድ አድራሻ የሚመጡ ግንኙነቶችን ቁጥር ይገድባሉ፤ አሪያ2 የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ለአንድ ሰርቨር ከ16 በላይ አይፈቅድም።