ከመኪና ማቆሚያ ወደ መቀመጫ፦ የሳን ፍራንሲስኮ ፓርክሌቶችና የሕዝብነት ጥያቄ

መንገድ ዳር መኪና ማቆም የዕለት ተዕለት ነገር ከመሆኑ የተነሣ፣ መኪናው የሚይዘው መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ይዘነጋል። ለአንድ መኪና የሚከለለው ስፍራ በግምት 2.5 ሜትር ወርድና 6 ሜትር ርዝመት ያለው በመሆኑ፣ መሬት በተወደደበት ሰፈር ከአንድ ክፍል ቤት የማያንስ ይዞታ ነው። የከተማ ፕላን ምሁሩ ዶናልድ ሹፕ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደተከራከሩት፣ ማቆሚያ በነጻ ሲሰጥ ወጪው አይቀርም፤ በሸቀጥ ዋጋና በቤት ኪራይ ውስጥ ተሸሽጎ መኪና በሌለው ሰው ላይ ጭምር ይጫናል።

በዚያው ዓመት ሬባር የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የጥበብና የንድፍ ቡድን የማቆሚያ ሒሳብ ከፍሎ፣ በቦታው መኪና በማቆም ፈንታ ሣር አነጠፈ፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር አኖረ፤ ሁለት ሰዓቱ ሲያበቃም ጠራርጎ ሄደ። የድርጊቱ ብልሃት የማቆሚያ ክፍያን እንደ አጭር የመሬት ኪራይ ውል መቁጠሩ ላይ ነበር። የከተማው አስተዳደር ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2010፣ የመጀመሪያዎቹን ፓርክሌቶች ፈቀደ። ፓርክሌት ማለት በማቆሚያ ቦታ ላይ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከፍታ ኖሮት የሚሠራ፣ መቀመጫና አትክልት ያለው መድረክ ነው። ከፍታው እኩል የሚሆነው ተሽከርካሪ ወንበር ሳይደናቀፍ እንዲገባ ሲሆን፣ ከሥሩ ደግሞ የዝናብ ውኃ በመንገዱ ጠርዝ እንዲወርድ መተላለፊያ ይተውለታል።

የግንባታውንና የጽዳቱን ወጪ የሚችለው አስተዳደሩ ሳይሆን ፈቃዱን የጠየቀው ካፌ፣ ሱቅ ወይም ማኅበር ነው፤ በአንጻሩ ቦታው ምንም ላልገዛ ሰው ሁሉ ክፍት እንዲሆንና አስተናጋጅ እንዳይታዘዝበት ተደንግጎ ነበር። ይህ ውል በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም በተግባር ግን በጥቃቅን ነገሮች የሚጸና ወይም የሚፈርስ ነው። ወንበሮቹ ከካፌው ወንበሮች ጋር አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ መንገደኛው ቦታው ለሁሉም ክፍት መሆኑን የሚናገረውን ምልክት ሳያነብ ቡና ካላዘዝኩ አያስቀምጡኝም ብሎ ያልፋል፤ የከተማው መመሪያ የፓርክሌቱ ዕቃ ከካፌው የተለየ እንዲሆን ማዘዙም ከዚህ አንጻር ሲታይ ከማንኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ የበለጠ አስተዋይነት አለው። ወጪውን አመልካቹ እንዲሸከም መደረጉ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ መድረኩ የሚሠራው መቀመጫ በቸገረበት ሰፈር ሳይሆን ንግዱ በደራበት መንገድ ይሆናል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ምግብ ቤቶችን ከቤት ውስጥ መስተንግዶ ሲከለክል፣ ከተማው የመንገድ ዳሩን ለገበታ ፈቀደ፤ ጊዜያዊው አሠራርም በ2021 በቋሚ ሕግ ተተካ። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ የሚውለውን ፓርክሌት ከሁለት ዓይነት የንግድ ፓርክሌቶች ለይቶ አስቀምጧል። ይህ መለየት ከቀድሞው መደበላለቅ የተሻለ ሐቀኝነት ቢኖረውም፣ የንግድ ፓርክሌት ለሕዝብ አንድ አግዳሚ ወንበር መተው ስለሚበቃው፣ በመኪና ተይዞ የነበረው መሬት ከመኪናው ተወስዶ ለደንበኛው ተሰጠ ማለት ይቻላል። ለንግድ የዋለው የመንገድ ዳር ተገቢው ኪራይ ቢከፈልበትና ገቢው ካፌ በሌለባቸው ሰፈሮች መቀመጫ ቢሠራበት፣ ሹፕ ለመኪና ማቆሚያ ያነሡት የዋጋ ክርክር ለጠረጴዛውም ይሠራል።